ሕመም የሌለበት ቍስል



በባሌ ደጋ የሚኖር ሰው እሳትን እንደ ዘመድ ያያል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፥ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸውና፥ ክረምቱ ሲበረታ ወይም የታኅሣሥ ውርጭ በእርሻው ላይ ነጭ ሆኖ ሲያድር፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ምድጃውን ከቦ እግሩን ወደ ፍሙ ይዘረጋል። የዛሬው ጽሑፌም የሚጀምረው ከዚሁ ከምድጃው ዳር ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት፥ እኔ «ጋሼ» እያልሁ የምጠራቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ማታ እግራቸውን ሲያሞቁ ሳለ የሚቃጠል ጨርቅ በቤቱ ውስጥ ሸተተ። ልጆቹ ዙሪያውን ቢፈልጉ የሚቃጠለው የእርሳቸው ካልሲ ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውምና ጨዋታቸውን እንኳ አላቋረጡም ነበር። በማግሥቱ በታላቁ የእግራቸው ጣት ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ታየ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ፈነዳ፤ የፈነዳውም ስፍራ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ተከፍቶ ቀረ።

በሠፈራችን መምህር የሆነ ሰው ደብዳቤ ያነብባል፥ ማመልከቻ ይጽፋል፥ የመድኃኒት ወረቀትም ይተረጕማል፤ ስለዚህ ጋሼ ወደ እኔ መጡና፥ «መምህር፥ እስቲ ይህን እግሬን እየው» አሉኝ። ጐንበስ ብዬ ተመለከትሁና፥ «ያምዎታልን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ምንም አያመኝም፤ መርፌ ብትወጋበትም አላውቅ» ሲሉ መለሱልኝ። እኔም፥ «ካላመመዎትማ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በራሱ ጊዜ ይድናል» አልኋቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ እግራቸው እስከ ቍርጭምጭሚቱ አብጦ፥ ትኵሳት ይዟቸው፥ በሰው ተደግፈው ሐኪም ቤት ገቡ። የቍስሉ መመረዝ አጥንት ደርሶ ነበርና ሁለት ጣቶቻቸው ተቈረጡ። የስኳር በሽታ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በሰውነታቸው ውስጥ መኖሩንም ያን ጊዜ ገና ዐወቁ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ «ያን ቀን ምነው ባመመኝ ኖሮ!» ብቻ አሉ።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም። ሰው ሁሉ ሕመምን ጠላት ያደርጋል፤ ካላመመውም ደኅና ነኝ ይላል። በቍስል ነገር ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የሚያም ቍስል ባለቤቱን እየነዘነዘ ወደ ሐኪም ይወስደዋል፤ የማያም ቍስል ግን ባለቤቱን አስተኝቶ ሥራውን ይሠራል። በዚህ ወር ስለ ቍስል ዐይነቶችና ስለየመልካቸው የምጽፈው፥ እኔ በጎረቤቴ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ሌላ ሰው በእናቱ ወይም በልጁ ላይ እንዳይሰጥ ብዬ ነው።

አስቀድሞ፥ ቍስል ሁሉ አንድ አለመሆኑን እንረዳ። ቆዳችን ሁለት ድርብ አለው። ላይኛው ስስ ነው፤ በየጊዜውም እየተላጠ ይታደሳል። ታችኛው ወፈር ያለ ሆኖ የደም ሥሮችን፥ ነርቮችንና የላብ ዕጢዎችን ይይዛል። ላይኛው ብቻ ቢገሸለጥ ጠባሳ ሳይተው ይጠግጋል። ጉዳቱ እስከ ታችኛው ድርብ ዘልቆ ጕድጓድ ሲሆንና በጊዜው ሳይገጥም ሲቀር ግን፥ ሐኪሞች ከተራው ቍስል ለይተው አልሰር ይሉታል፤ እኛ «የሰነበተ ቍስል» ብንለው ይገባናል። ጤነኛ ሰው ቢላዋ ቢቈርጠው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድንለታል። ከዚያ አልፎ የሚሰነብት ቍስል ቢኖር፥ እንዳይድን የሚከለክለው ሌላ ምክንያት ከበስተ ጀርባው አለ ማለት ነው። ያ ምክንያት ሳይታወቅ ላይ ላዩን ቢቀቡት፥ ጣሪያው የሚያፈስስ ቤት ወለሉን ቢወለውሉት ማለት ነው።

ታዲያ ምክንያቱ በምን ይታወቃል? በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ኦሪት ዘሌዋውያንን ስንማር በምዕራፍ 13 ያለውን የካህኑን ምርመራ እናስታውሳለን። ካህኑ የሰውየውን ቆዳ ባየ ጊዜ ቶሎ አይፈርድም፤ መልኩ ከቆዳው ጠልቆ እንደ ሆነ፥ በላዩ ያለው ጠጕር ቀለሙን ለውጦ እንደ ሆነ ይመለከታል፤ ነገሩ ካልተገለጠለትም ሰባት ቀን ቈይቶ ሰፍቶ ወይም ቆሞ እንደ ሆነ ደግሞ ያያል። በዚያ መጽሐፍ የተነገረው ደዌ ሁሉ ዛሬ ሐኪሞች የሥጋ ደዌ የሚሉት ሕመም ብቻ እንዳልሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የአመለካከቱ ሥርዐት ግን ዛሬም ይጠቅማል፤ አይቶ፥ መርምሮ፥ ቀን ቈጥሮ፥ ደግሞ ማየት።

የዛሬ ሐኪምም ቍስልን ሲያይ አምስት ነገር ይጠይቃል። በሰውነት ላይ የት ወጣ? ስንት ጊዜ ሆነው? ዳሩ እንዴት ነው፤ ወደ ውስጥ ያዘቀዘቀ ነው፥ እንደ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፥ ወይስ ወደ ውጭ የተገለበጠ? ወለሉስ ምን ይመስላል፤ ቀይና ንጹሕ ነው፥ ቢጫ መግል ያዘለ ነው፥ ወይስ ጥቁር? አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚያስተው፥ ያማልን? የሚለው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን አስቀድሞ የሚያሙትን፥ ቀጥሎም የማያሙትን ቍስሎች እንመልከት።

ከሚያሙት መካከል አንዱ የቆላ ቍስል ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፥ በሐረና ጫካ ውስጥ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ፥ ሰውን በአንድ ቀን ከውርጭ አውጥቶ ከሙቀት ያገባዋል። እንዲህ ባለው ሞቃትና እርጥብ ስፍራ ለቡና ለቀማ ወይም ለሌላ ሥራ የወረደ ወጣት፥ እሾኽ ወይም ጭራሮ ከጕልበቱ በታች ቢጭረው፥ ጭረቱ በጥቂት ቀን ውስጥ አብጦ ይፈነዳና ክብ ቍስል ይሆናል። ቍስሉ በፍጥነት ይሰፋል፤ ብርቱ ሕመም አለው፤ ይሸታል፤ ወለሉም በግራጫ መግል ይሸፈናል። የሚያመጡት ልዩ ልዩ ጀርሞች ተባብረው ነው፤ ይልቁንም ምግብ ያነሰው ሕፃንና ወጣት ላይ ይበረታሉ። ቶሎ ታጥቦ መድኃኒት ካገኘ ይድናል፤ ቸል ከተባለ ግን እስከ ጅማትና እስከ አጥንት ይደርሳል።

ሁለተኛው ደም የማይደርሰው እግር ቍስል ነው። ከልብ ወደ እግር ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ሁለት ዐይነት ናቸው፤ ደሙን የሚያወርዱት ደም ቅዳ፥ የሚመልሱት ደግሞ ደም መልስ ይባላሉ። በእርጅና፥ በትንባሆ ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ደም ቅዳው ሲጠብ እግር ይቀዘቅዛል፤ ቆዳው ይሳሳል፤ ጠጕሩም ይረግፋል። በጣቶች ጫፍ ወይም በተረከዝ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ፥ ወለሉ የገረጣ ቍስል ይወጣል። ሕመሙም በሌሊት ይብሳል፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ላይ እግሩን ወደ ታች ሲያንጠለጥል ጥቂት ይቀልለዋል። እንዲህ ያለውን እግር አጥብቆ በፋሻ ማሰር ያለውን ጥቂት ደም መከልከል ነውና አይገባም።

ሦስተኛው ደም መልሱ የደከመበት እግር ቍስል ነው። ብዙ ሰዓት ቆሞ የሚውል ሰው፥ ባለ ሱቅም ቢሆን፥ የቤት እመቤትም ቢሆን፥ እንደ እኔ ያለ መምህርም ቢሆን፥ ደሙ ወደ ላይ መመለስ ሲያቅተው የእግሩ ሥሮች ይገተራሉ፤ ማታ ማታም ቍርጭምጭሚቱ ያብጣል። በዙሪያው ያለው ቆዳ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል፤ ከቍርጭምጭሚቱም በላይ፥ በውስጥ በኩል፥ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚያዝል ቍስል ይከፈታል። ሕመሙ የመክበድና የመጠዝጠዝ ያህል ነው፤ እግር ሲሰቀል ይቀልላል። ሐኪም መርምሮ ደም ቅዳው ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፥ የዚህ ቍስል ዋና መድኃኒት በፋሻ አጥብቆ ማሰርና እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ነው። ለሁለተኛው ክልክል የሆነው ነገር ለሦስተኛው ፈውስ መሆኑን ልብ በሉ። ዐይነቱን ሳይለዩ ማከም የሚጐዳው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን፥ ወደማያሙት ቍስሎች እንለፍ።

የመጀመሪያው ነርቭ የሞተበት እግር ቍስል ነው። የጋሼ ቍስል ይህ ነበር። የስኳር በሽታ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም ሲቀር የእግርን ነርቮች ቀስ በቀስ ያደክማል። በመጀመሪያ እግር ይደነዝዛል ወይም ጕንዳን የሚሄድበት ይመስላል፤ በኋላም ፍሙም፥ ጠጠሩም፥ ምስማሩም የማይሰማው ይሆናል። የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነርቭን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ቍስሉ የሚወጣው ክብደት በሚያርፍበት በውስጥ እግር፥ ይልቁንም በታላቁ ጣት ሥር ነው። ክብ ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ዳሩ በደነደነ ቆዳ የታጠረ ነው፤ ሲነኩትም አያምም።

በድሮ ዘመን የሥጋ ደዌ የሕመምተኛውን ጣቶች እየበላ የሚጨርስ ይመስል ነበር። የሕመሙን ጀርም ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘ በኋላ እንኳ ይህ አሳብ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1914 በሕንድ አገር የተወለደው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ፥ በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ሕመምተኞቹን ከቀን ወደ ቀን ተከታትሎ ሌላ ነገር ተረዳ። ጣት የሚጠፋው ሥጋው በበሽታው ተበልቶ ሳይሆን፥ ሕመም የማይሰማው ሰው ትኵስ ድስት በባዶ እጁ ስለሚያነሣ፥ በቈሰለ እግሩም ሳያነክስ ስለሚሄድበት ነው። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቈስል ያነክሳል፤ ማንከሱ ለቍስሉ ዕረፍት ይሆነዋል። ማንከስ የማያውቅ እግር ግን በየርምጃው ቍስሉን ይረግጠዋል። ስለዚህ እግሩ በጀሶ ታስሮ ክብደት ሲቀንስለት፥ ለብዙ ጊዜ ያልዳነው ቍስል ሲድን ታየ። ብራንድ በኋላ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ይህንኑ ትምህርት ለስኳር ሕመምተኞች እግር አዋለው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን በማከምና ሐኪሞችን በማሠልጠን ለአፍሪካ ሁሉ ያገለገለ ተቋም ነው። በዛሬው ጊዜ የሥጋ ደዌ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ ሕክምናውም እንደ ሕመሙ ዐይነት 6 ወይም 12 ወር ነው። የመጀመሪያ ምልክቱ ከሌላው ቆዳ ፈዘዝ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ነው። ሕመምተኛውን ዐይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ያን ቦታ መንካትና ይሰማው እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል። ካልተሰማው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንዲህ ባለው ሰው ላይ የስድብ ስም መለጠፍ ግን ሕመሙን ያስደብቀዋል፤ የተደበቀ ሕመምም ጣት ያስቈርጣል።

በዚሁ አንቀጽ ተኝቶ የሚታመምን ሰው እናንሣ። ሰውነቱ የማይታዘዝለት ወይም የማይሰማው ሕመምተኛ በአንድ ጐኑ ብዙ ሰዓት ሲተኛ፥ በዳሌው፥ በወገቡ በታችና በተረከዙ ላይ ያለው ቆዳ በአጥንትና በአልጋ መካከል ተጨፍልቆ ደም ያጣል። አስቀድሞ መቅላት ወይም መጥቈር፥ ቀጥሎም ጥልቅ ቍስል ይሆናል። አስታማሚው በየ2 ሰዓቱ ቢያገላብጠው፥ አንሶላውን ሳይጨማደድና ሳይረጥብ ቢጠብቅለት፥ ይህ ቍስል በአብዛኛው አይመጣም።

ሁለተኛው የማያም ቍስል አባ ሰንጋ ነው። ከብትና በግ በብዛት በሚረባበት በባሌ ደጋ ይህን ማወቅ ግዴታ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሞቶ የተገኘ ከብት አይበላም፤ ቆዳው እንዳይባክን ብሎ የሚገፍ ግን አይጠፋም። የአባ ሰንጋ ጀርም በደሙና በቆዳው ላይ ይኖራል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። ከብቱን የገፈፈ ሰው በእጁ፥ በክንዱ፥ ወይም ፊቱን በነካበት ስፍራ፥ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የትንኝ ንክሻ የሚመስል የሚያሳክክ ጉብታ ያያል። ጉብታው ውሃ ይቋጥራል፤ ይፈነዳል፤ መካከሉም እንደ ከሰል የጠቈረ ቅርፊት ይሆናል። በሽታው በፈረንጆች ዘንድ አንትራክስ የተባለውም በግሪክ ቋንቋ ከሰል ማለት ስለሆነ ነው። ዙሪያው በጣም ያብጣል፤ ቍስሉ ግን አያምም። ሕመምተኛው ሳይታከም ቢቀር ከአምስቱ አንዱ ያህል ይሞታል፤ በጊዜው መድኃኒት ሲወስድ ግን የሚሞተው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ቍስል መብጣትና መጭመቅ ፈጽሞ አይገባም። ድንገት የሞተውም ከብት ሳይገፈፍና ሳይከፈት፥ ለእንስሳት ሐኪም ተነግሮ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ሦስተኛው በብዙ የአማራ አገር ቁንጭር፥ በወሎ ደግሞ ሻህኝ የሚባለው ነው። በወሎ በኩታበር፥ በጋሞም በኦቾሎ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚያመጣው ጥገኛ ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1973 በሳይንቲስቶች ተለይቶ ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ ተብሎ በአገራችን ስም ተሰየመ። ተሐዋሲው በገደልና በዋሻ በሚኖረው በሽኮኮ አካል ውስጥ ይገኛል፤ ማታ የምትነክስ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ጥቃቅን ዝንብ ከሽኮኮው ወደ ሰው ታሻግረዋለች። የእኛም የባሌ ተራሮች ሽኮኮ ሞልቶባቸዋል፤ ነገር ግን ሽኮኮ ባለበት ሁሉ ቁንጭር አለ ማለት አይደለም፤ ዝንቢቱ እንደ ሳነቴ ያለውን ብርቱ ቅዝቃዜ አትችልምና። ሆኖም ከሌላ ወረዳ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በፊት ላይ፥ በአፍንጫ፥ በጉንጭና በጆሮ ነው። ከንክሻው በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት ቈይቶ ትንሽ ጉብታ ይሆናል፤ ቀስ በቀስም ይሰፋና ቅርፊት ያበጃል፤ አያምም። ብዙው በአንድና በሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቈይቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። አንዳንዱ ግን የአፍንጫንና የአፍን ውስጥ ያበላሻል፤ ሌላውም በሰውነት ሁሉ ተበትኖ የሥጋ ደዌ እስኪመስል ድረስ ያሳስታል። በአዲስ አበባ በአለርት፥ በደሴም አጠገብ በቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ይታከማል። በእሳት ወይም በሚያቃጥል ቅጠል መተኰስ ግን ጠባሳውን ያሰፋዋል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም።

አራተኛው ወደ ነቀርሳ የተለወጠ ቍስል ነው፤ ይኸውም ካንሰር የሚባለው ነው። በልጅነቱ በምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፥ ወይም የሚጥል በሽታ ይዞት እሳት ያገኘው ሰው፥ ጠባሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ተከፍቶ አልድን ሊለው ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ማርዦለን እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ ጠባሳ ቍስል ጽፎ ነበርና ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። መታወቂያው ዳሩ ነው፤ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከፍ ይላል፤ ሥጋው እንደ አበባ ጎመን ይንጨባረራል፤ ሲነኩትም ይደማል። በመጀመሪያ ብዙ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ገና ትንሽ ሳለ ተቈርጦ ቢወጣ ሰውየው ይድናል፤ ስለዚህ ለዓመታት የኖረ ጠባሳ እንደ ገና ቢከፈት «የቈየ ነው» ብሎ ችላ ማለት አይገባም።

እንግዲህ የቤት እመቤትና የቤት አባት ምን ያድርጉ? ቍስሉ ሲወጣ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጉበት፤ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ቍስሉን በዚያ እጠቡት፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ አልብሱት። ኵበት፥ አመድ፥ የቡና ዱቄት ወይም የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ከቶ አታድርጉበት። የመድኃኒት እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስም በየከተማው የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ የተሠራው በአፍ እንዲወሰድ ነውና ቍስሉን አያድነውም። አፈር የነካው ቍስል መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላልና ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ዕለቱንም በቀን መቍጠሪያ ላይ ጻፉት፤ ስፋቱን በክር ለኩት፤ በሰባተኛው ቀን ደግማችሁ ለኩ። እየጠበበ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልጠበበ ወይም ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እነርሱም እንዳስፈላጊነቱ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሐኪም ቤት ይልኩታል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፥ ትኵሳት ከመጣ፥ ከሸተተ፥ ጥቁር ከሆነ፥ ወይም አጥንት ከታየ ግን ቀን መቍጠር የለም፤ በዚያው ዕለት ሂዱ።

በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ማታ ማታ እግሩ ይታይ፤ ውስጥ እግሩን በመስተዋት ይመልከት፤ ማየት ካቃተው ልጆቹ ይዩለት። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ገልብጦ ያራግፈው። የእግሩን ውሃ ሙቀት ሌላ ሰው በክንዱ ይለካለት። ወደ ምድጃም እግሩን አይዘርጋ፤ ብርድ ቢሆን ወፍራም ካልሲ ይበቃዋል።

ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ የሰጡት ምክር፥ ለቍስለኛም የሚሠራ ምክር ነው። ከተጠመቀ በኋላ እርጥቡን ፋሻ አውልቆ በደረቅና በንጹሕ ይለውጥ፤ ሻካራ ድንጋይ ባለበት ስፍራም በባዶ እግሩ አይቁም።

ጋሼ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በስምንት ጣቶቻቸው ገበያ ይሄዳሉ። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸው ትንሽ መስተዋት ይዛ ውስጥ እግራቸውን ታሳያቸዋለች። የቤታቸውም ልማድ ተለውጧል፤ ምድጃው ዳር ሲቀመጡ ፊታቸውን ለእሳቱ ሰጥተው እግራቸውን ወደ ኋላ ያጥፋሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ የእግሩን ቍስል ሊያሳየኝ ወደ ቤቴ መጣ፤ እርሳቸውም በአጋጣሚ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጁ፥ «አያመኝም» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ከበርጩማቸው ተነሡና፥ «ተነሣ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብለው ክንዱን ያዙት።